የባለወፍጮው ጣሪያ

ነፋስ በር በምትባለው የብርድ ከተማ ሰው ሲዋሽ ቢያዝ የሚሰድበው የለም። ከተቀመጡት አንዱ ስለ በረዶ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ዋሾውም ጉሮሮውን ጠርጎ ወሬ ይቀይራል። ለከተማዋ እንግዳ የሆነ ሰው ግን ግራ ይገባዋል። በጠራራ ፀሐይ በረዶን ምን አመጣው? የሚያስረዳው አያጣም። አባባሉ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሳይሆን ከጋሽ ልሳኑ ግቢ የወጣ ነው፤ ሲወጣ በዓይናቸው ያዩ ሰዎችም አሁን ድረስ አሉ።

ጋሽ ልሳኑ ባለወፍጮ ነው። ክፉ ሰው እንዳልሆነ አስቀድሞ ይታወቅለት። ሚዛን አያጎድልም፤ የቸገረው ሰው እህል ተሸክሞ ቢመጣ ፈጭቶ በምስጋና ይሸኛል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ነገርን እንዳለ መተው አይሆንለትም፤ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ነፋ ካላደረገው አይረካም። ሚስቱ የሺመቤት፣ "የእሱ ጉንፋን እንኳ ሲወራ የሳንባ ምች ነው" ትላለች።

ይህ ሰው ወፍጮውን የገዛው ቤቱን አስይዞ ከባንክ በተበደረው ገንዘብ ነበር። ባንኩ ደግሞ ቤቱ ኢንሹራንስ ካልተገባለት አላበድርም ስላለ፣ ጋሽ ልሳኑ ሳይወድ በግዱ በየዓመቱ አረቦን ይከፍላል። በከፈለ ቁጥርም፣ "ያልታመምኩትን በሽታ መድኃኒት ያስገዙኛል" እያለ ያማርራል።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ በሽታው መጣ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። የነፋስ በር ሰው በረዶ ብርቁ አይደለም፤ የዚያን ቀኑ ግን ዶሮ ገደለ። ሰው ሁሉ "ሎሚ ያህላል" ሲል ጋሽ ልሳኑ "ብርቱካን ያህላል" አለ። ቢሆንም ጉዳቱ ውሸት አልነበረም። ቆርቆሮው እንደ አሮጌ ሰታቴ ጎደጓጎደ። አሸንዳው ከነሚስማሩ ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ወደቀ። በምሥራቅ በኩል ጠርዝ ላይ ሁለት ቆርቆሮ ተቀደደና ልጃቸው ማኅደር የምትተኛበት ክፍል ውሃ ገባበት።

ጊዜው ደግሞ አልተመቸም። ማኅደር ልትዳር ነው፤ ሰርጉ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል፤ ክረምቱም ከሰርጉ ኋላ እየመጣ ነው። በቤቱ የነበረ ጥሪት ሁሉ በድግሱ ገብቷል። ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ለአንድ ቆርቆሮ እንኳ የሚተርፍ የለም። ጋሽ ልሳኑ ወዲያው ስልክ ደወለ፤ ከኢንሹራንሱም ጉዳት የሚገምት ባለሙያ መጋቢት ሃያ ስምንት እንደሚመጣ ተነገረው።

እዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር። ነገሩን ያበላሸው ንጋቱ ነው፤ ባለሚኒባሱ ንጋቱ፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው።

"ጎድጓዳ ነው ቀዳዳ?" አለው ንጋቱ።

"ቀዳዳው ሁለቱ ቆርቆሮ ላይ ነው። የቀረው ሁሉ ጎድጓዳ ነው።"

"እንግዲያውስ ሁለት ቆርቆሮህን ተቀብለህ እረፍ። ኢንሹራንስ ለጎድጓዳ አይከፍልም። የመኪናዬን በር ፈረስ የረገጠው ጊዜ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? 'ያልተበሳ አልተጎዳም!'"

"ማን ነው እንደዚያ ያለህ?"

"እዚያው በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ።"

ጋሽ ልሳኑ የዘበኛውን ቃል እንደ ሕግ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ ቆም ብሎ ጣሪያውን አየው። እውነቱን ለመናገር፣ ሆዱን ያባባው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። የሙሽራው ወገኖች ከደብረ ብርሃን ነው የሚመጡት፤ ደህና ቤት የለመዱ ሰዎች ናቸው። አንድያ ልጁን በተጣጣፈ ጣሪያ ሥር መዳር አፈረ። አሁን ጎድጓዳው ሁሉ ቀዳዳ ቢሆንስ? ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ቆርቆሮ አልብሶ አየው፤ አማቾቹ አንገታቸውን አቅንተው ሲያደንቁ ሁሉ ታየው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ መቼና በየት በኩል የሚለው ብቻ ነበር።

መቼ ለሚለው መልስ ተገኘ። መጋቢት ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ነው፤ ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ ግቢው ጭር ይላል። በየት በኩል የሚለው ነበር ያስቸገረው። ቤቱ ያለው በዋናው መንገድ ዳር፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ በሚያልፍበት ነው። በዓል ሽሮ፣ ያውም በመድኃኔዓለም ቀን፣ ጣሪያ ላይ መዶሻ ይዞ የታየ ሰው በነፋስ በር ዕድር ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ከላይ አልወጣም። በኮርኒሱ መግቢያ ገባና በወራጁ መሀል ተጎንብሶ፣ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ትልቁን ሚስማር ከውስጥ እያስጠጋ ቆርቆሮውን ይበሳው ጀመር። ማንም አያየው፣ ማንም አይሰማው። በብልሃቱ ራሱ ተደነቀ፤ በየቀዳዳው ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር አንድ አዲስ ቆርቆሮ የተሰጠው መሰለው።

የሺመቤት ከቅዳሴ ስትመለስ ከጣሪያው ውስጥ ድፍን ያለ ድምፅ ሰማች።

"ልሳኑ?"

"አቤት!" አለ ከላይ።

"ኮርኒስ ውስጥ ምን ትሠራለህ? ሆዴን አሞኛል ብለህ አልነበር የቀረኸው?"

"አይጥ እያባረርኩ ነው።"

"አይጥ በመዶሻ?"

"ትልቅ አይጥ ነው።"

የሺመቤት ወንበር ላይ ቆማ በመግቢያው አንገቷን ስታስገባ ባሏ አቧራ ለብሶ፣ ሚስማር በጥርሱ ይዞ፣ ጣሪያው እንደ ወንፊት ብርሃን ሲያፈስ አየች። ነገሩ ሲገባት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"በስቅለቱ መታሰቢያ ቀን ሚስማር ትመታለህ? ምነው ልሳኑ፣ ከሰው ሁሉ መርጠህ ከእነማን ጋር ልትቆጠር ነው?"

"እኔ የመታሁት ቆርቆሮ ነው፤ ሌላ ነገር አታምጪ።"

"የሚሰጡህን ሁለት ቆርቆሮ ተቀብለህ ብታርፍ ምን ነበረበት?"

"የማኅደር አማቾች የተጣፈ ቆርቆሮ ቆጥረው ይሂዱ?" አለ። "አንድ ልጅ ናት ያለችን።"

የሺመቤት ተቆጥታለች፤ ግን እሷም እናት ናት። አቧራውን ከትከሻው አራገፈችለት።

በማግስቱ ከኢንሹራንሱ የተላከችው ባለሙያ መጣች። ትርሲት ትባላለች፤ ሱሪ የለበሰች፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ፣ ብዙ የማትናገር ወጣት ናት። ጋሽ ልሳኑ መምሬ ላቀውንም አስጠርቷል። መምሬ የንስሐ አባቱ ናቸው፤ በረዶው የወረደ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ በረዶው ይዟቸው በዚሁ ቤት በረንዳ ተጠልለው ነበርና ምስክር ይሁኑኝ ብሎ ነው። ስለ ሚስማሩ የሚያውቁት ነገር የለም።

የሺመቤት የጾም ምሳ ብታቀርብም ትርሲት፣ "መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ፣ እማማ" ብላ ተነሣች። የወደቀውን አሸንዳ አየች፤ የተቀደዱትን ሁለት ቆርቆሮዎች በስልኳ ፎቶ አነሣች። ቀጥሎ ጋሽ ልሳኑ እየመራ ወደ ውስጥ አስገባትና የኮርኒሱን መግቢያ ከፈተላት።

"እይልኝ፣ ልጄ! በረዶው ቤቴን ወንፊት አድርጎልኝ ሄደ!"

ትርሲት አንጋጣ ብዙ ቆየች። "መሰላል አለ፣ ጋሼ?" አለች በመጨረሻ።

መሰላሉ መጣ። ጋሽ ልሳኑ በአንድ በኩል፣ መምሬ ላቀው በሌላ በኩል ያዙላት። ወጥታ በመዳፏ ቆርቆሮውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ የጣቷን ጫፍ በአንዱ ቀዳዳ ወደ ላይ ስታሾልክ በድንገት "እህ!" ብላ እጇን ሰበሰበች። ስትወርድ ጣቷ ደም ነበረው።

"ምን ነካሽ፣ ልጄ?" አሉ መምሬ።

"ምንም አይደለም፣ አባ።" ጣቷን በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ባለቤቱ ዞረች። "ጋሼ፣ የምሥራቁን ጎን አይቼዋለሁ። ቀለሙ ከየጎድጓዳው ተልጧል፤ አንድ ክረምት ቢያልፍበት ይዝጋል። ያንን ጎን በሙሉ ከነአሸንዳው እንዲቀየርልዎት ልጽፍ ነበር።"

ጋሽ ልሳኑ የሰማውን ማመን አቃተው። "ለጎድጓዳ... ትከፍላላችሁ እንዴ?"

"ለምን አንከፍልም? በረዶው ያደረሰው ጉዳት ነው።"

ጋሽ ልሳኑ ንጋቱንም ዘበኛውንም በልቡ አንድ ላይ ረገማቸው። ፊቱ ግን ሊፈካ ጀምሮ ነበር።

"የቸገረኝ ቀዳዳዎቹ ናቸው" ቀጠለች ትርሲት። "በረዶው በየት በኩል ነው የመጣው?"

"በምሥራቅ በኩል ነዋ፤ ነፋስ እየገፋው።"

"ከላይ?"

"ታዲያ ከየት ሊመጣ ነው?"

"ቆርቆሮ ከላይ ሲበሳ ጠርዙ ወደ ቤት ውስጥ ነው የሚገባው። የእርስዎ ግን በሙሉ ወደ ላይ ቆሟል፤ ጣቴን የቆረጠኝ እሱ ነው።"

ጋሽ ልሳኑ ወደ ወራጁ አንጋጠጠ። "ነጥሮ ይሆናል!" አለ።

"ምን?"

"በረዶው ነዋ! ገባ፣ ወራጁን መታ፣ ነጥሮ ተመልሶ ወጣ! የዚያን ቀን በረዶ ኃይል አላየሽውም፣ ልጄ፤ ብርቱካን ያህል ነበር!"

የሺመቤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትርሲት አልሳቀችም፤ አሳዘናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይስሙኝ" አለች። "'ቀዳዳው የበረዶ አይደለም' ካሉኝ እሱን ትቼ የምሥራቁን ጎን ብቻ አቀርብልዎታለሁ። 'የበረዶ ነው' ብለው ከጸኑ ግን ማታለል ነው ይባላል፤ ያኔ እውነተኛውም ጉዳት አብሮ ይቀራል። እኔም ምንም ላደርግልዎት አልችልም።"

ልጅቷ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታለት ነበር። እዚህ ላይ "አዎ፣ አጥፍቻለሁ" ቢል ኖሮ ያ ጣሪያ በሬንጅ ተለጣጥፎ ባልከረመ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዝናብም መጥቶ የሙሽራው ወገኖች ባልዲ ለባልዲ እየተሻገሩ ባልገቡ። የሺመቤት ከኋላው ቆማ በዓይኗ ለመነችው። እሱም ሊናገር ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የንስሐ አባቱ አጠገቡ ቆመዋል። በእሳቸው ፊት፣ በልጁ ዕድሜ ባለች ሴት ፊት፣ ውሸታም ነኝ ብሎ እንዴት ይናገር? እፍረቱ ከጥቅሙ በለጠበትና እንደገና ገፋ አደረገው።

"የበረዶ ነው!" አለ። "ካላመንሽኝ ምስክር አለኝ። መምሬ፣ እዚሁ በረንዳ ላይ አልነበሩም? በዓይንዎ አይተዋል፤ ይንገሯት እንጂ!"

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። መምሬ ላቀው መሰላሉን ለቀው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ልሳኑን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ የልጁንም ሰርግ በቅርቡ ይባርኩለታል። ይወዱታል፤ ውሸቱንም ያውቁታል። ቃላቸው ያንን ቤት ሊያድን ወይም ክረምቱን ሊያስገባበት እንደሚችልም ገብቷቸዋል።

"በረዶው እውነት ነው፣ ልጄ" አሏት ለትርሲት። "እዚህ ቆሜ አይቻለሁ። አሸንዳውን ሲጥል፣ ያንን ቆርቆሮ ሲቀድ በዓይኔ ነው ያየሁት።"

ጋሽ ልሳኑ በረጅሙ ተነፈሰ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ መምሬ! ቀዳዳውንም ይመስክሩልኝ እንጂ!"

መምሬ ላቀው ትክ ብለው አዩት። እንደ አባት እያዘኑ፣ ፈገግታቸውንም መደበቅ እያቃታቸው፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩና እንዲህ አሉት፦ "ልሳኑ ልጄ፣ እህል ሲያጠፋም፣ ከብት ሲጥልም አይቻለሁ፤ ነገር ግን በረዶ ከታች ወደ ላይ አይዘንብም።"