ጉም ውስጥ የተዘረጋ ጣት

አንድ ባለ መሬት ነበረ። ደግ ሰው ነበረ፤ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ።

ትናንት የጠየቅከኝን አልረሳሁም፣ ደምሰው። ዳቦ ቤትህ የቀጠርካት ዘሪቱ ሥራዋ ምን ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንድትሰጣት ጠይቃህ ከፍቶሃል። እንደ እህቴ የማያትን ልጅ በወረቀት ላናግራት ወይ፣ አሠሪን ሁሉ ጻፍ ብሎ የሚያስገድድ ደንብስ ለማን ይጠቅማል አልከኝ። እንግዲህ ስማ።

ባለ መሬቱ በክረምት አንድ ገበሬ ቀጠረ። ገበሬው የራሱ ትንሽ ማሳ ነበረችው፤ ዝናቡ ሳያልፍ ጤፍ ሊዘራባት ያስባል። የሰውየውን መሬት ቶሎ አርሶ ወደ ራሱ ሊመለስ ተስማማ። ሥራውን ሊያሳየው ሲወጡ አገሩ ሁሉ ጉም ለብሷል። ባለ መሬቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ ነጩ ጉም ዘረጋና «ከዚህ እስከዚያ» አለው።

ገበሬው አረሰ። በሬዎቹ ከፊቱ ይጠፋሉ፣ ጅራታቸው ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ እሱም ይጠፋል። አንዳንዴ የሚያርስ ሳይሆን ደመና ላይ የሚራመድ ይመስለዋል። ማታ መጥቶ ደረስኩ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ባለ መሬቱ ትኩስ ቅንጬ ያቀርብለትና ትንሽ ቀርታለች ይለዋል። ጉሙም አይነሣ፣ ትንሿም አታልቅ።

አንድ ቀን የገበሬው ሚስት ድምፁን ተከትላ ማሳው ድረስ መጣች። ፊቷ እንኳ በወጉ አልታየውም። ጎረቤቱ ሁሉ ዘርቶ መጨረሱን ነገረችው።

«የኛስ?» አለችው።

በሬዎቹን አቆመ። ሄዶ የባለ መሬቱን እጅ ያዘ።

«ጌታዬ፣ ይምጡና እዚያን ያሳዩኝ።»

«ምነው፣ አታምነኝም?»

«አምንዎታለሁ። እግሬ ነው የማያውቀው።»

ሁለቱ ጉም ውስጥ ገቡ። ትልሙን ተሻገሩ፤ አንድ ምንጭ ተሻገሩ፤ ከምንጩ ማዶም ሌላ ትልም ነበረ። ባለ መሬቱ ጣቱን ያነሣል፣ መልሶ ያጥፋል። በመጨረሻ ቆመ።

«እኔም አላየሁትም» አለ ቀስ ብሎ። «ጣቴን ብቻ ነው የዘረጋሁት።»

ያኔ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይለቅሙ ጀመር። እየተከራከሩ፣ መሐል ላይ እየሳቁ፣ ሥራው እስከዚህ ይሁን ተባብለው ዳር ዳሩን ደረደሩ። ገበሬው ያንን ዳር ካለፈ መሰንበቱ የታወቀው ሲጨርሱ ነው። ባለ መሬቱ አዘነ፤ ጎተራውን ከፍቶ እህል ሰፈረለት። የዘር ጊዜ ግን አልፎ ነበር። የገበሬው ማሳ በዚያ ዓመት ዳዋ ለበሰ።

ደምሰው፣ ባለ መሬቱ አንተ ነህ። ደግነትህን ማንም አልተጠራጠረም። ዘሪቱ ዳቦ ልትሸጥ ገባች፤ ከዚያ መጋዘን ጠረገች፤ አሁን ልጆችህን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ አንተም በፈገግታ ትንሽ ቀርታለች ትላታለህ። የማታ ትምህርት ምዝገባ በዚህ ሳምንት እንደሚዘጋ ነግራሃለች? ለእኔ ነግራኛለች። የእሷ ወቅት ገና አላለፈም።

ደንቡ የሚልህ አትመናት አይደለም፤ አብረሃት ሂድና ዳሩን እይ ነው። ዛሬ ተቀመጥና ጻፍ። ሁለተኛው መስመር ላይ እጅህ ቢቆም አትደንግጥ፤ አንተ አስበህ ያልጨረስከውን ሥራ እስካሁን እሷ በጉልበቷ ስትጨርስልህ ኖራለች።