አዝማቹ ላይ የሚፈጥነው ድራም

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ አዳማ ውስጥ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ የሮክ ድራመር ነበሩ። አንድ አመል ነበረባቸው፤ አዝማቹ ጋ ሲደርሱ ይፈጥናሉ። ዕድሜያቸውን በጭፈራ ቤት ስለጨረሱ፣ ሰው ከወንበሩ የሚነሳው እዚያ ጋ መሆኑን ያውቃሉ።

በስተርጅና የራሳቸውን ዘፈን ሊቀዱ ስቱዲዮ ሲገቡ በጆሮ ማዳመጫ ክሊክ አሰሟቸው፤ ምቱ እንዳይዛነፍ ቲክ ቲክ እያለ የሚቆጥር ድምፅ ነው። ሽማግሌው ማዳመጫውን አውልቀው እንደ አመላቸው መቱ። ድራሙ ብቻ እንደተቀዳ ታመሙ። ሦስት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «ዘፈኔን እኔን ሳያጠፋ ለሰው ያደረሰ ድራሜን ይውሰድ» አሉና አረፉ።

ኢዮስያስ ኮምፒውተር አዋቂ ነው። የአባቱን ምት አንድ በአንድ እየለቀመ ክሊኩ ላይ አስቀመጠው። ምቱ ተስተካከለ፤ ሌሎች ሙዚቀኞችም ያለችግር ተጫወቱበት፤ በየሬዲዮው፣ በየታክሲው ተሰማ። እጁ የአባቱ ነው፤ መፍጠኑ ግን የለም።

ናሁሰናይ ጊታሪስት ነው። አንድም ምት አልነካም። ድራሙ የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚያዘግም ክረምቱን ሙሉ አጥንቶ፣ እየተከተለ ተጫወተ፤ ዘፈነም። ሬዲዮ ጣቢያው ምቱ ይሮጣል ብሎ መለሰበት። የሰሙት የአባቱ ወዳጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አለቀሱ።

ብሩክታዊት የሁለቱም አልተዋጠላትም። አባቷ በፈጠኑበት የሚፈጥን፣ ባዘገሙበት የሚያዘግም ክሊክ ሠራችና ራሷ ድራሙ ላይ ተቀምጣ ዘፈኑን ከጓደኞቿ ጋር እንደ አዲስ ቀዳችው። ሰርግ ላይ ሲለቀቅ፣ አዝማቹ ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። እጁ ግን የእሷ ነው።

ልጆቹ ተጣሉ። ኢዮስያስ አገር የሰማው የእኔን ነው ይላል፤ ናሁሰናይ አገር የሰማው አባባን አይደለም ይላል፤ ብሩክታዊት ደግሞ አባባ የሚመታው ሰው እንዲነሳ ነበር ትላለች።

እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ሦስቱንም በተራ ሰሙ። በመጀመሪያው ፈገግ ብለው፣ «እጁ ነው» አሉ። ሁለተኛውን መሃል ላይ አስቆሙት። «ይብቃኝ፤ ገብቶ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።» በሦስተኛው አዝማቹ ጋ ሳያውቁት ብድግ አሉ፤ ከዚያ የመታውን የልጃቸውን እጅ አይተው ቁጭ አሉ።

ድራሙ እስካሁን አንሶላ ለብሶ ሳሎን ውስጥ ቆሟል። መምቻዎቹ በወይዘሮ አስካለ እጅ ናቸው፤ ለማንም መስጠት አቅቷቸዋል። እኔና ባለቤቴም በዚሁ ነገር እንደተኳረፍን ነን። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ድራሙ ለማን ይገባል?