አልሄድም ያለው ሳጥንና የሸንበቆ ሜዳ ውሃ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። ላሟ ከተሸጠች ቆየች፤ በረቱም ፈርሶ ቢሮ ተሠርቶበታል። ስለዚህ ዛሬ «የመሥሪያ ቤት» በሉኝና ልቀጥል።

በአንዲት የወረዳ ከተማ አንድ የውሃ ጽሕፈት ቤት ነበረ። ስሙ የውሃ ነው እንጂ የራሱ ቧንቧ እንኳ የሚንጠባጠበው ሲያሰኘው ነው። በዚህ ጽሕፈት ቤት ወይዘሮ ልኬለሽ የምትባል ጸሐፊ ነበረች። ጎበዝ ናት፤ ንጽሕና ትወዳለች፤ የተጣመመ ነገር ካየች ሳታቃና አታድርም። ዘመን መለወጫ ሲደርስ ለኮምፒውተሯ እንኳ በዓል አድርጋለት ነበር፦ አቧራውን ጠርጋ፣ ዳንቴል አልብሳ፣ የተሳሳተ ቀኑን አስተካክላ፣ አናቱ ላይ አደይ አበባ አስቀምጣለት። ከዚያ ወዲያ ማን ይወቅሳታል?

ልኬለሽ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበር፤ አንድ ኢሜይል መላክ። እናቷ እሜት ስንዱ የሚኖሩባት ሸንበቆ ሜዳ የውሃ ፓምፗ ተሰብሯል። መለዋወጫ የሚያቀርበው ድርጅት ደግሞ ዘመናዊ ነው፤ ትእዛዝ የሚቀበለው በጽሕፈት ቤቱ ኢሜይል ብቻ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ ኢሜይልም ያለው በልኬለሽ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ፓምፑ ከቆመ ወዲህ መንደሩ ከከብት ጋር እየተጋፋ ከምንጭ ይቀዳል። ልጆቹ በሆድ ሕመም ወድቀዋል፤ እሜት ስንዱም ሆዳቸውን ይዘው በየማለዳው ይደውላሉ። «ልጄ፣ ያ እግር የሌለው ደብዳቤ ሄደ ወይ?» ይላሉ። «ዛሬ ይሄዳል እማዬ» ትላለች ልኬለሽ፤ ስልኩን ዘግታም ወደ ኮምፒውተሯ ትዞራለች።

ከዚያ «ላክ» የሚለውን ስትነካ ሳጥን ብቅ አለ፤ የደህንነት ማስጠንቀቂያ ነው። በፈረንጅ አፍ ረጅም ሐተታ ጽፎ መጨረሻው ላይ «መቀጠል ይፈልጋሉ?» ይላል። ልኬለሽ የፈረንጅ አፍ አይቸግራትም፤ ግን ሐተታ ለማንበብ ማን ጊዜ አለው? «አዎ» አለችው። ሳጥኑ ጠፋና ተመልሶ መጣ። «አዎ» አለችው፤ መጣ። «አዎ፣ አዎ፣ አዎ አልኩህ እኮ!» አለችው፤ መጣ። ልጅ ሊያጭ የተላከ ሽማግሌ እንኳ እንዲህ አይመላለስም። ሳጥኑ አልሄድም አለ፤ ኢሜይሉ አልወጣም አለ፤ ሸንበቆ ሜዳ ጠማት።

ልኬለሽ ተነስታ ወደ ኮምፒውተር ባለሙያው ወደ ይድነቃቸው ሄደች። «ወንድሜ ይድነቃቸው፣ እባክህ ያንን ሳጥን ገላግለኝ፤ ሳጥኑ ይሂድ፣ ኢሜይሉ ይውጣ፣ ሸንበቆ ሜዳ ትጠጣ» አለችው።

ይድነቃቸው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ሳጥኑንም ሳያይ፣ በሩቁ መረመረው። «እትዬ ልኬለሽ፣ ይሄ የደህንነት ጉዳይ ነው። ደህንነት ደግሞ ዝም ተብሎ አይነካም። ኃላፊው ካላዘዙኝ እጄን አላስገባም» አለና ወደ ስልኩ ጨዋታ ተመለሰ፤ እዚያ ላይ ማንም ሳያዘው ከተማ ሲያቃጥል ነበር። ባለሙያው አልነካም አለ፤ ሳጥኑ አልሄድም አለ፤ ኢሜይሉ አልወጣም አለ፤ ሸንበቆ ሜዳ ጠማት።

ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ጥላዬ ገባች። «ጌታዬ፣ ይድነቃቸውን ይዘዙልኝ፤ እሱ ሳጥኑን ይንካ፣ ሳጥኑ ይሂድ፣ ኢሜይሉ ይውጣ፣ ሸንበቆ ሜዳ ትጠጣ።»

«ወይዘሮ ልኬለሽ፣ ተይ እንጂ» አሉ አቶ ጥላዬ መነጽራቸውን አውልቀው። «በኮሚቴ ያልታየ ነገር እንዴት አዛለሁ? ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«መንደሩ ተጠምቷል እኮ ጌታዬ።»

«ጥማቱን በሪፖርት አይተነዋል፤ በጣም አሳዝኖናል» አሉ፤ መነጽራቸውንም መልሰው አደረጉ። ኃላፊው አላዝም አሉ፤ ባለሙያው አልነካም አለ፤ ሳጥኑ አልሄድም አለ፤ ኢሜይሉ አልወጣም አለ፤ ሸንበቆ ሜዳ ጠማት።

ኮሚቴው እንደ እድል ሆኖ ተሰብስቦ ነበር። ኮሚቴ ሁልጊዜም ተሰብስቦ ነው የሚገኘው። በእያንዳንዱ አባል ፊት የታሸገ ውሃ ቆሟል፤ ስለ ሸንበቆ ሜዳ ሲነሳ ጉሮሯቸው እንዳይደርቅ ይሆናል። ልኬለሽ በሩ ላይ ቆማ «እባካችሁ ወስኑልኝ፤ ኃላፊው ይዘዙ፣ ባለሙያው ይንካ፣ ሳጥኑ ይሂድ፣ ኢሜይሉ ይውጣ፣ ሸንበቆ ሜዳ ትጠጣ» አለች።

«ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» አለ ሰብሳቢው። «የንብረት ክፍሉ አቶ ፈለቀ ካልገባ ምንም አንወስንም።»

«የት ሄደው ነው?»

«የትም አልሄደም፤ እዚህ ጎን ያለው ክፍል ነው። አኩርፏል።»

ኮሚቴው አልወስንም አለ፤ ኃላፊው አላዝም አሉ፤ ባለሙያው አልነካም አለ፤ ሳጥኑ አልሄድም አለ፤ ኢሜይሉ አልወጣም አለ፤ ሸንበቆ ሜዳ ጠማት።

አቶ ፈለቀ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። «አልገባም!» አሉ፣ ገና ሳትጠይቃቸው። «ያ ዘበኛ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቦርሳዬን አስከፈተኝ። ቦርሳዬ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ምሳ ዕቃዬን ከፍቶ ሽሮዬን ለሕዝብ አሳየብኝ! እህቴ፣ የሰው ሽሮ የቤቱ ገመና ነው። መቅጠኑን ያላየ የለም። ይቅርታ ካልጠየቀኝ እንኳን ኮሚቴ፣ ሽንት ቤትም በዚያ በኩል አልሄድም።»

«አቶ ፈለቀ፣ ሰው በውሃ ጥም እያለቀ በሽሮ?»

«በሽሮ!» አሉ አቶ ፈለቀ።

አቶ ፈለቀ አልገባም አሉ፤ ኮሚቴው አልወስንም አለ፤ ኃላፊው አላዝም አሉ፤ ባለሙያው አልነካም አለ፤ ሳጥኑ አልሄድም አለ፤ ኢሜይሉ አልወጣም አለ፤ ሸንበቆ ሜዳ ጠማት።

ዘበኛው ጋሽ አንለይ በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ልኬለሽ እንግዲህ ነገሩ ረዝሞባታል፤ ትንፋሿን ሰብስባ ጀመረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ይበሉልኝ፤ አቶ ፈለቀ ይግቡ፣ ኮሚቴው ይወስን፣ ኃላፊው ይዘዙ፣ ባለሙያው ይንካ፣ ሳጥኑ ይሂድ፣ ኢሜይሉ ይውጣ፣ ሸንበቆ ሜዳ ትጠጣ።»

«ፈትሽ አሉኝ፣ ፈተሽኩ» አሉ ጋሽ አንለይ። «ሽሮ ይሁን ቦንብ ሳልከፍተው በምን አውቄ? ለሥራዬ ይቅርታማ አልልም።»

«እሺ የሚያዝዎት ሰው የለም?»

«የሚያዘኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እታለማሁ፣ ሚስቴ። እሷ ቆጣ ካለች እንኳን ይቅርታ ቡራኬም እላለሁ። ግን የለችም። አባቷ ታመው ሸንበቆ ሜዳ ወርዳለች። ውሃ የሚቀዳላቸው ሰው ስለጠፋ መመለሻ አጣች። ፓምፑ ሲጠገን ትመጣለች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ እናንተ ፓምፑን የምታስጠግኑት መቼ ነው?» አሏት።

ልኬለሽ የበሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሳቋም እንባዋም እኩል መጡባት። ውሃው እንዲመጣ እታለማሁ ትቆጣ፤ እታለማሁ እንድትመጣ ውሃው ይምጣ። ዘበኛው ይቅርታ አልልም አሉ፤ አቶ ፈለቀ አልገባም አሉ፤ ኮሚቴው አልወስንም አለ፤ ኃላፊው አላዝም አሉ፤ ባለሙያው አልነካም አለ፤ ሳጥኑ አልሄድም አለ፤ ኢሜይሉ አልወጣም አለ፤ ሸንበቆ ሜዳ ጠማት። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ እናቷ አልደወሉም። የሚያስፈራው ይሄ ነበር።

ልኬለሽ ፈቃድ አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅ ፈቃዱም ኮሚቴ ይፈልግ ነበር። አስፋልቱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ ወደ ሸንበቆ ሜዳ ወረደች። ምንጩ ዳር ጀሪካን በጀሪካን ላይ ተሰልፏል። እሜት ስንዱ ሰልፉ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ከስቷል፣ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነው፤ ለመደወል ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ የሚያወጣ ጉልበት አልነበራቸውም። ልኬለሽ እናቷን እንዲህ ስታይ አፈረች። በማን እንዳፈረች ግን ገና አላወቀችም።

እታለማሁ ወደ ሰልፉ ፊት ደርሳለች። ልኬለሽ ከሽሮው ጀምራ እስከ ሳጥኑ አንድ በአንድ ነገረቻት።

«አንለይን መቆጣቱስ ደስታዬ ነበር» አለች እታለማሁ። «ግን ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው። ጉብታው ላይ ከወጣሁ ተራዬ ያልፋል፤ ተራዬ ካለፈ አባቴ ሳይጠጣ ያድራል። ተራዬንማ አልለቅም።»

ሚስትየው ተራዬን አልለቅም አለች፤ ዘበኛው ይቅርታ አልልም አሉ፤ አቶ ፈለቀ አልገባም አሉ፤ ኮሚቴው አልወስንም አለ፤ ኃላፊው አላዝም አሉ፤ ባለሙያው አልነካም አለ፤ ሳጥኑ አልሄድም አለ፤ ኢሜይሉ አልወጣም አለ፤ ሸንበቆ ሜዳ ይኸው ልኬለሽ ፊት ጠምቷት ቆማለች።

ልኬለሽ ባለተረከዝ ጫማዋን አወለቀች። «ጀሪካንሽን ስጪኝ» አለች። «ተራሽን እኔ እይዛለሁ።» ይህን ያህል ቀላል ነገር ያለ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

እታለማሁ ጉብታው ላይ ወጣች። ድምጿ ያለ ስልክም ከተማ ይደርስ ነበር። «አንለይ! የሰው ሽሮ ምን አገባህ? አሁኑኑ ይቅርታ በል!» ዘበኛው ይቅርታ አሉ፤ አቶ ፈለቀ ኮሚቴ ገቡ፤ ኮሚቴው ወሰነ፤ ኃላፊው አዘዙ፤ ባለሙያው ተነሳ። ተነስቶም ከዚያ ቀን በፊት በመሥሪያ ቤቱ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ሳጥኑን አነበበው።

ሳጥኑ ለካ ምስኪን ነው። ከዘመን መለወጫ ጀምሮ የሚጮኸው «የሰርቨሩ ምስክር ወረቀት ገና አልጸናም፤ እባክዎ የኮምፒውተርዎን ቀን ይመልከቱ» እያለ ነበር። ይድነቃቸው ቀኑን ቢያይ ኮምፒውተሩ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የፈረንጁን ቀን አውልቀው የእኛን አልብሰውታል። ኢሜይሉን የሚያደርሰው ሰርቨር ምስክር ወረቀቱ የተሰጠው ባለፈው ዓመት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ገና አልተወለደም። ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ ቢመጣ ማን ያሳልፈዋል?

ይድነቃቸው ቀኑን ሊያስተካክል እጁን ሲዘረጋ አቶ ጥላዬ ያዙት። «ቆይ! ይሄ የደህንነት ጥሰት ነው። ጥፋተኛው ሳይታወቅ አይነካም!» ኮሚቴውም በአንድ ድምፅ ደገፈ፤ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ነበርና።

ይህን ሁሉ ልኬለሽ የሰማችው ኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የሰማችው ከጉብታው የወረደውን የእታለማሁን ጩኸት ብቻ ነው፤ ምንጩ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። «ልኬለሽ! ኮምፒውተሩ ላይ የአበሻ ቀን የሞላው ማነው ይላሉ! ሳጥኑን ያመጣው እሱ ነው አሉ! ጥፋተኛው ካልታወቀ አንነካም አሉ!»

ሴቶቹ ዞር ብለው አዩዋት። ልኬለሽ ዳንቴሉ ትዝ አላት፣ አደይ አበባው ትዝ አላት፣ ቀኑም ትዝ አላት። የተጣመመ አቅንታ ነበር መስሏት። «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» እያለች ሳታነብ የገፋችውም ትዝ አላት። አሁንም መግፋት ይቻላል። ባለሙያው ወደ ኃላፊው፣ ኃላፊው ወደ ኮሚቴው፣ ኮሚቴው ወደ ሽሮው ገፍቷል፤ እሷም «አቶ ፈለቀ ይሆናሉ» ብትል ማን ያውቃል? ቀና ስትል የእናቷን ፊት አየች።

«እኔ ነኝ!» አለች ወደ ጉብታው ጮኻ። «ንገሪያቸው፤ እኔ ነኝ! ቀኑን ይመልሱት!»

ቀኑ ተመለሰ፤ ሳጥኑ ሄደ፤ ኢሜይሉ ወጣ።

እሜት ስንዱ ግን ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ልኬ፣ ይህን ሁሉ ቀን ያስጠማሽን አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ጽፎልኝ ነበር፤ አላነበብኩትም።»

እሜት ስንዱ የእታለማሁን ጀሪካን ከእጇ ወሰዱ። «እንግዲያው የሷን ተራ እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ የኔን ጀሪካን ይዘሽ መጨረሻ ሂጂ» አሏት። ሴቶቹ ሳቁ፤ ከፊታቸው የሚያስገባት ግን አልተገኘም። ልኬለሽ በባዶ እግሯ ጭቃ ውስጥ እስኪመሽ ተሰለፈች፤ ላሞቹም ቀደሟት።

መለዋወጫው መጣ፤ ፓምፑ ዞረ፤ ሸንበቆ ሜዳ ጠጣች፤ እታለማሁ ባሏ ዘንድ ተመለሰች፤ የአቶ ፈለቀም ሽሮ ወፈረ። ኮሚቴው «ችግሩ በተቀናጀ ርብርብ ተፈታ» ብሎ ሪፖርት አደረገ። እሜት ስንዱ አሁንም በየማለዳው ይደውላሉ። «ልጄ፣ ዛሬስ ሳጥን መጣ?» ይላሉ። «አልመጣም እማዬ።» «ቢመጣስ?» «አነበዋለሁ እማዬ።» ከዚያ በፊት ስልኩን አይዘጉላትም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፤ «አዎ» ከማለታችሁ በፊት ብቻ አንብቡልኝ።