ነፋስ የማይገባበት ግድግዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከገዛ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተጣላ። አይዞሽ ትርንጎ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ቆመዋል፣ አባትሽ «ልጄን ልጠይቃት» ብሎ ቃልሽን እየጠበቀ ነው፣ አንቺ ደግሞ እኔን አክስትሽን ጓዳ አስገብተሽ ያዝሽኝ። «በባልና በሚስት መካከል ነፋስ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን አንዳንዴ ለብቻዬ ዝም ብዬ መቀመጥ ካላገኘሁ ይጨንቀኛል። እወደዋለሁ፤ ግን እንደ እኔ ላለች ሴት ትዳር ይሆንላታል ወይ?» አልሽኝ። መልሱ ያለው በዚያ ሰው ግድግዳ ላይ ነው። ሽማግሌ እንደሆነ እሺ ሳይባል አይቀመጥ፤ ትንሽ ይቁሙ።

ሰውዬው ዝናብ በሚበዛበት አገር የሚኖር ልብስ ሰፊ ነበር። ቤቱ ከአባቱ የወረሰው የጭቃ ቤት ነው። ጭቃው ተሰነጣጥቆ ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባና ያፏጫል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ነበርና እናቷ ልታያት መጣች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና «ልጄ ነፋስ በሚያፏጭበት ቤት አትታረስም። ወሯ ሲገባ ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ» አለች። ለሰውዬው ይህ አልተዋጠለትም። ምኞቱ ልጁ በገዛ ቤቱ ሲወለድ መስማት ነበር፤ የመጀመሪያዋ ለቅሶ ወሬ ሆና ከሰው አገር እንድትደርሰው አልፈለገም።

የከተማው አናጺዎች ክረምት ሳይገባ የጀመሩትን ለመጨረስ ይሯሯጡ ስለነበር እሺ የሚለው አጣ። «እኔው ራሴ ግድግዳውን ጣውላ አለብሰዋለሁ» አለ። ሚስቱ ሳቀች እንጂ አልከለከለችውም። በቋሚዎቹ ላይ ሞራሌ የሚሉትን ወፍራም እንጨት አግድም መታ፤ በሞራሌው ላይ ጣውላዎቹን ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ሽቅብ አቆመ። ልብስ ሰፊ ነውና ጠርዝን ከጠርዝ አጥብቆ መግጠም ያውቅበታል። የግንቦት ፀሐይ ያደረቀውን ጣውላ በመዶሻ ከጎኑ ወዳለው ጣውላ እየገፋ፣ በመካከላቸው መርፌ እንኳ እንዳያልፍ አድርጎ ቸነከረው። ጣቱንም ሁለት ሦስት ጊዜ ቸንክሯል፤ እሱን ለሚስቱ አልነገራትም።

ሲጨርስ እጇን ይዞ ወሰዳትና «በእኔና በአንቺ መካከል ነፋስ እንደማይገባ ሁሉ፣ በዚህም አይገባም» አላት። አማቱ ጧፍ አብርታ የግድግዳውን ጥግ ጥግ ይዛ ሄደች። ነበልባሉ አልተነቃነቀም። «እንግዲያስ እዚሁ ትታረስ» አለች። ሰውዬው ያን ሰሞን መንገድ ለመንገድ እያፏጨ ሲሄድ ላየው፣ የቤቱን ነፋስ አፉ ውስጥ ያስገባው ይመስል ነበር።

ክረምቱ ገባ። እንጨት በጋ ይጠማል፣ ክረምት ይጠጣል። ጣውላዎቹም ጠጡና ወፈሩ፤ ቢወፍሩ ግን የሚሄዱበት የለም። እርስ በርስ ተገፋፍተው መሃል ለመሃል ተነፉ። የሚስቱ ሆድ ሲገፋ የግድግዳውም አብሮ ገፋ። ጎረቤቱ ሁሉ «ማንኛው ይሆን ቀድሞ የሚወልደው?» እያለ ይስቃል። ሰውዬው ግን ሳቅ አልመጣለትም። ሚስማር ጨመረ፤ በነጋታው ደግሞ ሌላ ጨመረ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ አማቱ ባለችበት፣ አንዱ ጣውላ ጧ ብሎ ተነቀለና የሽሮው ድስት ላይ ወደቀ።

አማቲቱ ሽሮውን ከነጠላዋ እየጠረገች «ተነሺ ልጄ፣ ልብስሽን ሸክፊ» አለች። ነፋሱም በቀዳዳው ገብቶ ያፏጭ ጀመር። ሰውዬው መዶሻውን እንደያዘ ቆመ፤ እንባው መጣ።

«ይኸው አጥብቄ ገጠምኩት። ከዚህ በላይ ምን ላድርገው?» አለ።

ሚስቱ ግን እየሳቀች ነበር። ሆዷን ደግፋ ሳቋ እስኪበርድላት ቆየችና «ሆዴ ሲገፋ አልጋው ላይ ፈቀቅ በልልኝ አላልኩህም?» አለችው።

«ብለሽኛል።»

«ፈቀቅ አልክ። ተፋታን?»

«ኧረ አልተፋታንም።»

«በመካከላችን ብርድ ሲገባስ ምን አደረግን?»

«ጋቢውን በሁለታችን ላይ ጣልነው።»

«በል ለእንጨቱም እንደዚያው አድርግለት።»

ሰውዬው ግድግዳውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ መዶሻውን አዙሮ ሚስማሩን ይነቅል ጀመር። ጣውላዎቹን አንድ ባንድ አወረደ። ጠርዛቸውን በመላጊያ ላገና መልሶ ሲያቆማቸው በየመካከላቸው የእርሳስ ውፍረት የምታህል ክፍተት ተወ። ከተረፈው ጣውላ ቀጫጭን እንጨት ሰንጥቆ በየክፍተቱ ላይ እንደ ጋቢው ጣል አደረገ። ቀጭኑን እንጨት የመታው ባንደኛው ጣውላ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ከሥሩ ፈቀቅም ጠጋም እንዲልበት ብሎ። ሲያልቅ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር አውጥቶ ጥለት የወጣለት ቀሚስ መሰለ። ከፊተኛው ይልቅ አማረበት።

አማቱ «ደግሞ ክፍተት ትቶ ሠራው አሉ» እያለች ጧፏን ይዛ መጣች። ከቀጭኑ እንጨት ወደ ቀጭኑ እንጨት እያለፈች ነበልባሉን አስጠጋች። አልተነቃነቀም። ዞራ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ጧፉን እፍ ብላ አጠፋችና «የልጄን ልብስ የሸከፈው ማነው? ፍቱት» አለች።

ሕፃኗ የተወለደችው ሰማዩ በተቀደደበት ቀን ነው። ሰውዬው ከጓዳው ወዲህ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሞ ነበር። እንጨቱ ዝናቡን እየጠጣ ቀስ ብሎ ሲንቋቋ ጀርባው ላይ ይሰማዋል። አንድም ሚስማር አልላላም። ከዚያ የሕፃን ለቅሶ መጣ፣ ከለቅሶው ኋላ እልልታ። ሰውዬው መዶሻውን አንስቶ ደጅ ወጣና ዝናቡ ላይ እስክስታ ወረደ፤ ጎረቤቱም ጣሪያ ሊመታ መስሎት መሰላል ይዞለት መጣ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ግድግዳ ትዳር ነው። ሰው እንደ ጣውላ አንድ ቀን ይሰፋል፣ አንድ ቀን ይጠባል፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ካልተተወለት ባልንጀራውን ገፍቶ ይጥላል። ያንቺ ዝምታ ያቺ የእርሳስ ውፍረት ክፍተት ናት እንጂ የፍቅር ማነስ አይደለችም። ነፋስ የሚገባው ክፍተት ባለበት ቤት አይደለም፤ ክፍተቱን የሚሸፍን ባጣ ቤት ነው። ያ ቀጭን እንጨት በሰው ሲሆን ገመና ከታች ይባላል።

ስለዚህ ይሆንልኛል ወይ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ፤ እኔ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ። ለፋሲካ የዚህ የምትወጂው ሰው እናት ቤት ሄዳችሁ፣ አንቺ እንደ ልማድሽ ተነስተሽ ጓሮ ብቻሽን ስትቀመጪ፣ እህቶቹ «ምን ሆና ነው?» አሉት አይደል? ምን ብሎ መለሰላቸው?

አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ። «ምንም አልሆነች፤ ትንሽ ብቻዋን ትረፍ» አላቸው? ነጠላሽንም አምጥቶ ትከሻሽ ላይ ጣል አደረገና፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ተመልሶ ገባ?

አዬ ትርንጎ፣ ታዲያ ምን ታደርቂኛለሽ? ግድግዳሽ እኮ ተሠርቶ አልቋል። በይ ሂጂ፣ ለአባትሽ ንገሪው፤ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ።