ሙጫ ያልነካው ጆሮ

አንድ ካርቶን ሠሪ ነበረ። ልጄ ታፈረ፣ ጥያቄህን ዘልዬ ወደ ተረት የገባሁ እንዳይመስልህ። «ቀኑን ሙሉ ታክሲ ተራ ቆሜ ተራ አስከብራለሁ፤ ካልጠነከርኩ ሹፌሩም ረዳቱም ይጫወቱብኛል። ቤቴ ስገባ ግን ያው ፊቴ አይፈታም። ልጄ ውሎዋን ለእናቷ እንጂ ለእኔ አትነግርም። ታዲያ ጠበቅ ልበል ወይስ ላላ?» ነው ያልከኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጭንቅ ነው፤ መጽሐፍ ገልጬ የምመልስልህ ነገር የለኝም። በዚህ ሰው ግን እመልስልሃለሁ። ስማኝ።

ካርቶን ሠሪው ድሮ የጫማ ካርቶን ነበር የሚሠራው። የጫማ ካርቶን ደግሞ ምን ጣጣ አለው፤ ክዳኑን ብድግ አድርገህ ጫማህን ታወጣለህ። አንዲት የወተት ፋብሪካ ያላት ሴት ወተቷን ከላስቲክ አውጥታ በወረቀት ካርቶን ለማሸግ አሰበችና ሥራውን ለእሱ ሰጠችው። እሱም ስሙ የሚጠራበት ቀን የመጣ መሰለው። እርጥበት የማያሳልፍ ወፍራም ወረቀት አጥፎ፣ አናቱን እንደ ቤት ጣራ አሹሎ፣ የጣራውን ጫፍ በሙጫ አጣበቀ። ካርቶኑ በጣት ነካ ሲያደርጉት ይከፈታል። ደስ አለው።

ወተቱ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ቆላ ወረደ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። ሹፌሩ ደርሶ የኋላውን በር ሲከፍት ወተቱ እግሩ ላይ ተደፋበት። ጫማው ውስጥ ገባ፣ ሽታውም ከመኪናው ለመውጣት ስንት ጊዜ ፈጀ።

ካርቶን ሠሪው ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። ሙጫውን ደረበ፣ በደረበው ላይ ደረበ። አሁን ካርቶኑን ብትወረውረው፣ ብትቀመጥበት፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ወተቱ ቆላ ድረስ በደህና ገባ። ግን ደግሞ ሌላ ስሞታ መጣ፤ ካርቶኑ አይከፈትም። ባለሱቁ በመቀስ፣ የቤት እመቤቷ በቢላ፣ መንገደኛው በጥርሱ ይታገለው ጀመር። ባለ ፋብሪካዋ አስጠራችው።

«ሰዉ መክፈት አቅቶታል» አለችው።

«ጥርስ የላቸውም እንዴ?»

«እኔ የምሸጠው ወተት ነው፤ ሸንኮራ አይደለም።»

«እመቤቴ፣ ካርቶን ወይ ይጠብቃል ወይ ይከፈታል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ሙጫ አልተፈጠረም።»

«እንግዲያው ስማኝ። አሁን ሁዳዴ ነው፤ ወተት ፈላጊ የለም፣ ልታገስህ እችላለሁ። ሰዉ ለፋሲካ ሲገድፍ ግን የማያፈስ፣ ደግሞም የሚከፈት ካርቶን ካላቀረብክልኝ ወደ ላስቲኬ እመለሳለሁ። አንተም ወደ ጫማህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ሰላም አጣ። ሙጫውን ቀነስ ሲያደርግ ያፈሳል፤ ጨመር ሲያደርግ አይከፈትም። ጸሎተኛ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር እጁን ዘርግቶ «ጌታዬ፣ መሃሉን አሳየኝ» ይል ነበር። በብዙውና በጥቂቱ መካከል አንድ ልክ የሆነ ቦታ አለ ብሎ ነበር የሚያስበው። ፈልጎ ፈልጎ መሃሉን አገኘው። መሃሉ ላይ የወጣው ካርቶን ማፍሰሱንም ያፈሳል፣ አልከፈት ማለቱንም አልተወም።

ይህ ሰው አስካለ የምትባል ታላቅ እህት ነበረችው። ባሏን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሙ ወተት ይጠጣ ብሏል፤ የነፍስ አባቱም ከጾሙ ፈትተውታል። በሽተኛውን ግን ከሕመሙ ይበልጥ የጎዳው የሰው እጅ ማየቱ ነው። ግንበኛ ነበር። ስንት ቤት በገዛ እጁ ያቆመ ሰው አሁን ውሃውም በሰው እጅ፣ ጉርሻውም በሰው እጅ ሆነበት። ቀስ በቀስ መብላት ተወ። ሲለምኑት «በቃኝ፣ አትድከሙ» ይላል። አስካለ ባሏ እንደዚያ እያለ ከእጇ እንዳያመልጥ ትፈራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካርቶን ሠሪው ከጠንካራዎቹ ካርቶኖች አንዱን ይዞ ሊጠይቀው ሄደ። ኩራትም ነበረበት፤ ካርቶኑን ዘቅዝቆ እያራገፈ ጠብ እንደማይል ለአማቹ አሳየው። በሽተኛው ያን ቀን ምን እንዳገኘው እንጃ፣ «እስቲ ልቅመስላችሁ» አለ። አስካለ ጆሮዋን አላመነችም። በፍጥነት ካርቶኑን ተቀብላ በጣቷ ሞከረች። እምቢ አላት። በጥፍሯ ሞከረች። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ይሄ ነገር በምንድን ነው የሚከፈተው?»

«በጥርስሽ ያዝ አድርጊው።»

«በሁዳዴ? ወተት ከንፈሬን ሊነካኝ? እንዲህ ከሆነ አንተው ክፈተው።»

እሱም ጿሚ ነው። ካርቶኑን ወደ አፉ አስጠግቶ መለሰው።

የግቢው ልጆች ገና ከትምህርት ቤት አልመጡም። አስካለ ጎረቤቷን በአጥሩ ላይ ጠራችው። ሸምሱ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። በሌላው ዓመት እሷ ስትጾም እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርግላት እሱ ነው፤ እሱ ሲጾም ደግሞ የቤቱን ሾርባ ጨው የምትቀምስለት እሷ ናት።

«ሸምሱ፣ እስቲ ጥርስህን አውሰኝ።»

«እትዬ አስካለ፣ ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው መግባታቸውን ረሳሽው? የእኔ ጥርስ ሥራ የሚጀምረው ፀሐይ ስትገባ ነው» አላት። መምጣቱን ግን መጣ።

ሦስት ሰው አንድ ካርቶን ከብቦ ቆመ። ሸምሱ አገላብጦ አየውና «ይሄን ያሸገው ሰው ወተቱን ለራሱ ነው የደበቀው» አለ። 

በመጨረሻ አስካለ ቢላ አመጣች። ወንድሟ ተቀብሎ ወጋው። ቢላው ሸተት ብሎ የካርቶኑን ጎን ከላይ እስከ ታች ተረተረው፤ ወተቱ በሽተኛው ደረትና ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። በሽተኛው የፈሰሰውን ተመለከተ።

«ተዉት። ለእኔ ብላችሁ ይሄን ሁሉ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ካርቶን ሠሪውን ያመመው እዚህ ላይ ነው። «ጥርስ የላቸውም እንዴ» ብሎ የተናገረው ቃል ትዝ አለው። ይኸው ሙሉ ጥርስ ያላቸው ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ወተቱ ግን ለተጠማው ሰው አልደረሰም።

አስካለ አልወቀሰችውም። ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ ባሏን ማጠብ ጀመረች። ወተቱ የታመመው እጁ ውስጥ ገብቷል፤ ያ እጅ ደግሞ ከታመመ ወዲህ እንደ ተጨበጠ ነው። ወንድሟ ሊያግዛት ብሎ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ ይዞ ሳበ። ጭብጡ ጭራሽ ጠበቀ።

«እንዲያ አይደለም፣ ተወው» አለችው።

የእጁን አንጓ ወደ ውስጥ አጠፍ አደረገችው። ከዚያ ትንሿን ጣት ብቻ ከጫፏ ያዘችና ቀስ ብላ ገለጠቻት። ቀጥላ ያለችው ተከተለች። ከዚያም ሌላዋ። ያ ሁሉ ጭብጥ ያለ ምንም ትግል ተፈታ። መዳፉን አጠበች፣ አደረቀች። ስትለቀው ተመልሶ እንደ ድሮው ተጨበጠ።

«ጉልበቱ እኮ ያው ነው» አለች። «ሁሉንም አንድ ላይ ስትመጣበት ይታገልሃል። ከጥግ ስትጀምረው ግን አንድ በአንድ ይለቃል።»

ካርቶን ሠሪው ወደ እጁ ጎንበስ አለ።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

«እጅ መታጠብም ትርኢት ሆነ» አለ ሸምሱ።

ደገመችው። ካርቶን ሠሪው ደህና ዋሉ ሳይል ወጥቶ ሄደ።

በመንገድ ላይ ሁሉ ነገር ተገለጠለት። «መሃሉን አሳየኝ» እያለ ነበር የሚጸልየው፤ ጌታ ግን ጥጉን አሳየው። ኮረኮንቹ ካርቶኑን ሲያናውጠው ሙጫውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚገፋው፤ ሙጫውም አብሮ ይታገላል፣ መታገሉም ደግ ነው። የሰው እጅ ግን እንደ ኮረኮንች እንዲመጣ ማን ፈረደበት? ጥፋቱ የሙጫው አይደለም። ካርቶኑ ለሰው እጅ መግቢያ የለውም እንጂ።

ሥራ ቤቱ ገብቶ ከሙጫው ምንም አልቀነሰም፤ ጠንካራው እንደ ጠነከረ ተወው። የጣራው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሙጫ ያልነካው ትንሽ ጆሮ አስቀረ፤ ሁለት ጣት የሚይዘው ያህል። ሙጫውንም ከዚያ ጆሮ ሥር አሹሎ ቀባው፤ አጀማመሩ ጠበብ ያለ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ። ጆሮውን ይዘህ ከጥግ ስትገልጠው ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ካርቶኑን በሙሉ ብትጨምቀው ግን አይሰማህም። በአንድ ጊዜም አልተሳካለትም፤ መጀመሪያ ጆሮውን አስረዝሞት ሲጫን ሲወርድ እየተያዘ ተገለጠበት። አሳጠረው። ወደ ጎን አጠፍ አደረገው። ያን ጊዜ ሆነለት።

ባለ ፋብሪካዋ ዝም ብላ የምታምን ሴት አይደለችም። ካርቶኖቹን አስጭና ያንን ኮረኮንች አስወርዳ አስወጣቻቸው። መኪናው ሲመለስ የኋላውን በር ራሷ ልትከፍት ሄደች፤ ሹፌሩ ያኔ የደረሰበትን ስላልረሳ ራቅ ብሎ ቆመ። በሩ ተከፈተ። እጇን ሰዳ የመኪናውን ወለል ዳሰሰች። ደረቅ ነው። አንድ ካርቶን አንስታ በሁለት ጣቷ ከጥግ ገለጠችው፤ ተከፈተ። ሌላ አነሳች፤ እሱም ተከፈተ።

«ለፋሲካ የምጭነው ይሄንን ነው» አለች። «አሁን ሁሉንም ከፍቼ ሳልጨርሰው ውሰዱልኝ።»

ካርቶን ሠሪው ግን ገና አልጨረሰም። አንዱን ካርቶን ይዞ ወደ እህቱ ቤት ገሰገሰ። የእህቱም ጾም የሸምሱም ጾም ገና አላለቀም። ሸምሱን በአጥሩ ላይ ጠራው፤ እሱም መርፌውን ደረቱ ላይ እንደ ሰካ መጣ።

«ዛሬም ጥርስ ፍለጋ ከሆነ መልሴን ታውቀዋለህ።»

«ጥርስህን ይዘህ ቁምና እይ» አለው።

በሽተኛውን በትራስ ደገፍ አድርገው አስቀመጡት። ካርቶን ሠሪው ካርቶኑን በጉልበቶቹ መካከል አኖረለት። አስካለ እንደ ልማዷ ልትከፍትለት እጇን ሰነዘረች፤ ወንድሟ እጇን ያዘ። በሽተኛው ካርቶኑንም የቆሙትንም ተራ በተራ አያቸው።

«ምን ላድርገው?»

«ጥጉ ላይ ጆሮ አለችው። እሷን ብቻ ያዝና ግለጣት።»

በጤነኛው በግራ እጁ ያዛት። አመለጠችው። አስካለ ሻርፗን አፏ ላይ ጫነች። ደግሞ ያዛት። ሳብ አደረገ። ካርቶኑ ሸርተት እያለ ከጥግ ጀምሮ ተከፈተ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ብርድ ልብሱ ላይ አልወደቀችም።

 ያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሰነበተ ሰው አንገቱን ቀና አደረገና «ጾመኛ ሁሉ ዞር ይበልልኝ» አለ። ጠጣ። ጨልጦ ጠጣው። ባዶውን ካርቶን ለአማቹ ዘረጋለትና «ሌላስ የለህም?» አለው።

አስካለ እልልታዋን ለቀቀችው። ሸምሱ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ካርቶን ሠሪው «ተመስገን» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ማን ወለደ እያለ እየሮጠ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሽተኛው የቀረበለትን አልመለሰም። ለፋሲካም ያ ካርቶን ከደጋ እስከ ቆላ በየቤቱ ገባ። አስካለ ራሷ የገደፈችው በዚያ ወተት ነው፤ ካርቶኑንም የከፈተላት ባሏ ነው፣ በገዛ እጁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ታፈረ። «ጠበቅ ልበል ወይስ ላላ» አልከኝ። አንተም እንደዚያ ሰው መሃሉን ነው የምትፈልገው። መሃሉ ላይ ብትቆም ታክሲ ተራው ላይ ታፈሳለህ፣ ቤትህ ገብተህም አትከፈትም። ጥንካሬህን አትቀንስ፤ እግዜር የሰጠህ ሙጫ ነው፣ ውሎህም ኮረኮንች ላይ ነው። ሹፌሩና ረዳቱ ተጋግዘው ሲገፉህ ንቅንቅ አትበል።

ልጅህ ግን ኮረኮንች አይደለችም። እሷ ውስጥህ ያለውን ፈልጋ ነው በጥፍሯ የምትሞክርህ። አንተ ከጥግ እስከ ጥግ ተቀብተህ ትገባለህ፤ ምንህን ትያዝ? ስትደክምና ስትተውህ ደግሞ «አትነግረኝም» ትላለህ። ጥርስ የላትም እንዴ ማለትህ እኮ ነው።

ሙጫ ያልነካው ጆሮ አስቀርላት። ተራ የምታስከብርበትን ፊሽካ ከአንገትህ አውልቀህ በሩ ላይ ስቀል። «ምን ሆንሽ፣ የት ዋልሽ» ብለህ በአንድ ጊዜ አትምጣባት። አጠገቧ ተቀመጥና አንተው ከራስህ አንዲት ነገር ንገራት፤ ዛሬ ያሳቀህን፣ ወይም ዛሬ ያስደነገጠህን። ትንሽ ነገር ትሁን። ከዚያች ጥግ ትጀምርሃለች፤ የቀረው አንድ በአንድ ይለቃል።

በል ተነሥ። ሳትተኛ ድረስባት።