አልበራም ያለው የጠጅ ሳር ሻማ

ተረት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን በሩን ዝጉ፤ ይህ ተረት ነፋስ አይወድም። ፈሪ ካለ ደግሞ ከሰው መሃል ይቀመጥ፤ እኔም ስነግራችሁ ጥግ ላይ አልቀመጥም።

ከገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች አንዲት ከተማ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ፍኖት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ ትርንጎ ስለዚህች ልጅ የማትፈራው ነገር አልነበረም። ባሏ ቆላ ወርዶ ይሠራል፤ የሚመጣው ለበዓል ብቻ ነው። በዚያች ከተማ ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ከገደሉ ይወጣል፤ ነፋሱ ሲወጣ መብራት ይጠፋል። ትርንጎ ከስፌት ቤት የምትመለሰውም ያን ጊዜ ነው። ቀን ቀን ልጅቱን የሚጠብቋት ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉሸት ናቸው።

የፍኖት ፍላጎት ትንሽ ነበር። እራቷን ስትበላ የእናቷን ፊት ማየት ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም። የሰፈሩ ልጆች ጅብ የእናት ድምፅ ይዋሳል ብለው ነግረዋታላ። በጨለማ ይገባና ልጄ ነይ ብዪ ይላል፤ ድምፁ የእናት ነው፣ እጁ ግን የጅብ ነው፤ የሚፈራው እሳትን ብቻ ነው ብለዋታል። ልጆች እንዲህ ያለውን ሲያወሩ እንዴት እንደሚጥማቸው ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ፍኖት ከጓዳው በር ኋላ ትወሸቃለች፤ በጨለማ ጉርሻ ሲመጣባት አፏን ትዘጋለች። እትዬ ሙሉሸት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያበሏት ቢለምኗት እማዬን እጠብቃለሁ ትላቸዋለች። እንዲህ ስትል ስትል ጉንጯ ጎደጎደ፣ ቀሚሷ ሰፋት። ትርንጎ ያንን ቀሚስ ባጠበበች ቁጥር መርፌው ከእጇ ይወድቅ ነበር።

ባትሪ አብርታ ፊቷን ብታሳያት ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ወጣና ጥርሷንና የአፍንጫዋን ቀዳዳ አጎላው፤ ልጅቱ ጮኻ ሸሸች። የሱቅ ሻማ እንዳታበራ ደግሞ አንድ ቀን ሻማ ወድቆ መጋረጃ ሲነድ አይታለች። ፍኖት ከመጋረጃው ሥር ተኝታ ነበር። እሳቱን በብርድ ልብስ አፍና ልጇን አተረፈች፤ እሳቱ ግን ከዓይኗ አልጠፋም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ክብሪት በተጫረ ቁጥር ትበረግጋለች። ይህንን ፍርሃቷን ለልጇ ነግራ አታውቅም። እናት አትፈራም ብላ አሳድጋታለች።

ከስፌት ቤቱ አጠገብ ከአኩሪ አተር ሰም ሻማ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ጭንቀቷን ሰምተው፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻማ አይወድቅም አሏት። ፍርፋሪ ሰም በፌስታል፣ እግሩ ቆርቆሮ የሆነ ክርና የጠጅ ሳር ዘይት በጠርሙስ ሰጧት፤ ሠርተሽ በደንብ ሞክሪው ብለው መከሯት። ትርንጎ በማለዳ፣ መብራት ሳለ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውሃ አፈላች። በውሃው ውስጥ ጣሳ አቁማ ሰሙን አቀለጠች፣ ዘይቱን ጨመረች፣ ክሩን ብርጭቆ መሃል አቁማ ሰሙን ቀዳችበት። ሰሙ ነጭ ሆኖ ረጋ፤ ቤቱም ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ሸተተ።

አመሻሹ ላይ ነፋሱ ወጣ፣ መብራቱ ጠፋ። ትርንጎ ክብሪት ጫረችና ሻማውን ለኮሰችው። ነበልባሉ ቀና ሲል የሚነደው መጋረጃ መጣባትና እፍ ብላ አጠፋችው። እንደገና ለኮሰች፤ ቀና ሲል እፍ አለች። መሞከር ማለት አብርቶ ማጥፋት ነው ብላ ራሷን አታለለች። በመጨረሻ ብትለኩሰው ነበልባሉ ጭል ጭል አለና በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ትርንጎም ነበልባሉን ለምን አትቆምም አለችው። ነበልባሉ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ክሩ አልሸከምህም አለኝ አላት። ክሩ ነበልባሉን አልሸከምም አለ፤ ነበልባሉ የትርንጎን ፊት አላሳይም አለ፤ ፍኖትም እራቴን አልበላም አለች።

በማግስቱ ሰሙን መልሳ አቀለጠች፣ ወፈር ያለ ክር ተከለችበት። ሲመሽ ለኮሰች፤ ቀና ሲል እፍ አለች፤ ደግማ ለኮሰች፤ ደግማ እፍ አለች። ሻማው ጭል ጭል ብሎ ጠፋ። ክሩን ብትቆጣው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሰሙ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ አሰጠመኝ አላት። ሰሙ ክሩን አላስተነፍስም አለ፤ ክሩ ነበልባሉን አልሸከምም አለ፤ ነበልባሉ የትርንጎን ፊት አላሳይም አለ፤ ፍኖትም ከበሩ ኋላ ሆና እራቴን አልበላም አለች።

ሰሙን ብትጠይቀው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ የጠጅ ሳሩ ዘይት ከበደኝ አለ። ሰው ሲጠየቅ እንደሚያደርገው ነው፤ ጥፋት በጎረቤት ጫንቃ ላይ ትቀላለች። ትርንጎ እውነት መስሏት ሌላ ሰም አቅልጣ ዘይቱን ቀነሰች። ያን ቀን ከገደሉ ሥር ጅብ ቀደም ብሎ ጮኸ። ለኮሰች፣ እፍ አለች፣ ሻማው ጠፋ። ዘይቱ ለሰሙ አልቀልለትም አለ፤ ሰሙ ክሩን አላስተነፍስም አለ፤ ክሩ ነበልባሉን አልሸከምም አለ፤ ነበልባሉ የትርንጎን ፊት አላሳይም አለ፤ ፍኖትም እራቴን አልበላም አለች። ሽሮው ከነድስቱ ቀዘቀዘ።

ዘይቱን ብትጠይቀው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነው፤ መሃሉ ሲቀልጥ ዳሩ እንደረጋ ይቀራል አላት። ትርንጎ ብርጭቆውን ለብ ባለ ውሃ አሙቃ አደረቀችና ሰሙን ቀዳችበት። ሲመሽ ለኮሰች። ነበልባሉ ቀና አለ። እሷም ጎንበስ ብላ እፍ አለች። ያን ጊዜ በጨለማው ውስጥ፣ ከጓዳው በር ኋላ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬን የት አደረግሻት?»

ትርንጎ፣ እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ እናትሽ ነኝ አለች። ፍኖት ይህን ስትሰማ ይበልጥ ወደ ጓዳው ሸሸች፤ ጅብም እንዲሁ ነው የሚለው።

«እሳት የሚፈራ ጅብ ነው» አለች ልጅቱ። «ሲበራ ሁልጊዜ የምታጠፊው አንቺ ነሽ። እማዬ ምንም አትፈራም።»

ያን ምሽት ትርንጎ ከጓዳው በር ውጭ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልትገባ አልደፈረችም። ፍርሃት ብዙ ዓይነት አለው፤ የጨለማ አለ፣ የእሳት አለ፣ የጅብ አለ። የገዛ ልጅሽ ሲፈራሽ ግን የትኛውም አይደርስበትም። ልጇ በረሃብ እየመነመነች ነው፤ እንጀራውን በእጇ ይዛ የምትጠብቀው እሷ ደግሞ ጅብ ሆናለች።

ጎህ ሲቀድ ተነስታ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። በል አንተ እንኳ እውነቱን ንገረኝ አለችው። ብርጭቆውም እንዲህ አላት፦ «ትሪ አይደለሁ፣ በአንዴ አልሞቅም። ሰሙ እስከ ዳሬ እስኪቀልጥ የሚጠብቀኝ ሰው ያስፈልገኛል። ለብ ማለት ስጀምር ትንፋሽሽ ይመጣል።» ትንፋሹ ብርጭቆውን አልተውም አለ፤ ብርጭቆው ዘይቱን አላሞቅም አለ፤ ዘይቱ ለሰሙ አልቀልለትም አለ፤ ሰሙ ክሩን አላስተነፍስም አለ፤ ክሩ ነበልባሉን አልሸከምም አለ፤ ነበልባሉ የትርንጎን ፊት አላሳይም አለ፤ ፍኖትም እራቴን አልበላም አለች።

ትርንጎ ደነገጠች፤ ጥፋቱ ቤት ለቤት ሲዞር ከርሞ የገዛ አፏ ላይ መጥቶ አረፈ። ትንፋሿን ብትገሥጸው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ፍርሃት ከኋላዬ ይገፋኛል አላት። እሷም ፍርሃትን ከቤቴ ውጣልኝ አለችው። ሌሎቹ ሁሉ ምን ላድርግ ብለው በጎረቤት አሳብበዋል። ፍርሃት ግን በማንም አላሳበበም።

«አልወጣም» አላት። «መጋረጃው የነደደ ቀን ከእንቅልፍሽ የቀሰቀስኩሽ እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን ያስያዝኩሽም እኔ ነኝ። ልጅሽ እስካለች አለሁ።»

ፍርሃት ትንፋሹን አላሳርፍም አለ፤ ትንፋሹ ብርጭቆውን አልተውም አለ፤ ብርጭቆው ዘይቱን አላሞቅም አለ፤ ዘይቱ ለሰሙ አልቀልለትም አለ፤ ሰሙ ክሩን አላስተነፍስም አለ፤ ክሩ ነበልባሉን አልሸከምም አለ፤ ነበልባሉ የትርንጎን ፊት አላሳይም አለ፤ ፍኖትም እራቴን አልበላም አለች።

ትርንጎ ፍርሃትን ማባረር አልቻለችም፤ እንዳልዋሸ ታውቃለች። የማይወጣ እንግዳ ከሆነ ግን እየሠራ ይቀመጣ አለች። ፍርሃት መጋረጃውን አውርጂ አላት፤ አወረደች። ብርጭቆውን ከግድግዳው አርቀሽ በድንጋይ ላይ አስቀምጪ አላት፤ አስቀመጠች። አሸዋ በባልዲ አምጪ አላት፤ አመጣች። ሰሙንም እንደ አዲስ አቅልጣ ቀዳች። አሁን ሻማውን ጣዪ ሲላት ግን አልሰማችውም። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታች፣ አጥፋ አፏን አሰረች፣ ከኋላ አጥብቃ ቋጠረችው።

አመሻሹ ላይ ነፋሱ ወጣ፣ መብራቱ ጠፋ። ትርንጎ ለኮሰች። ነበልባሉ ቀና ሲል ዓይኗ በእንባ ተሞላ። መጋረጃው መጣባት፤ የልጇ አልጋ መጣባት። ትንፋሿ ገንፍሎ ወጣ፣ ሻሹን መታ፣ ተመለሰ። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ተመለሰ። እጆቿን ከጭኗ በታች አድርጋ ተቀመጠችባቸው። በጣም ፈራች፤ ግን አልተነሳችም።

በብርጭቆው ውስጥ በክሩ ዙሪያ እንባ የምታህል ሰም ቀለጠች፤ ከዚያ ሳንቲም የምታህል፤ ከዚያ ሲኒ አፍ የምታህል። ሻሹ ትንፋሹን ያዘ፤ ትንፋሹ ብርጭቆውን ተወ፤ ብርጭቆው ዘይቱን አሞቀ፤ ዘይቱ ለሰሙ ቀለለለት፤ ሰሙ እስከ ዳር ቀልጦ ክሩን አስተነፈሰ፤ ክሩ ነበልባሉን ተሸከመ፤ ነበልባሉም የትርንጎን ግማሽ ፊት አሳየ።

ግማሽ ፊት ለፍኖት አይበቃትም። ከጓዳው በር ሥር መጀመሪያ ጣቶቿ ታዩ፣ ቀጥሎ ግንባሯ። ከሻሹ በላይ ያለውን ዓይንና ግንባር አየች፤ የእናቷ ይመስላል። አፉ ግን ታስሯል፣ ጥርሱ አይታይም። ጅብ ቢሆን እሳት አጠገብ አይቀመጥም ነበር፤ እማዬ ብትሆን ደግሞ አፏን አታስርም ነበር። ልጅቱ አንድ እርምጃ ወጣች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። ትርንጎ ልትጠራት አልቻለችም፤ ደግሞ ድምፅ ምን ይጠቅማል፣ ድምፅ ይዋሱታል ተብሏል። ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳትነቅል ጠበቀች።

ፍኖት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ መጣች።  እጇን ዘረጋች፣ የሻሹን ጫፍ ያዘች፣ ወደ ታች ሳበችው።

አሁን ትንፋሹን የሚይዘው ምንም አልነበረም። እፍ ለማለት አንድ አፍታ ይበቃል። ትርንጎ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ወረደ፤ ነበልባሉ ፊት ለፊቷ ቆመ፣ እሷም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እሳቱን ፈርቼ ነው ልጄ» አለች። «ድሮም እፈራለሁ። ሳልነግርሽ ነው።»

ፍኖት ትኩር ብላ አየቻት። የሚንቀጠቀጠውን ከንፈር አየች፣ እንባውን በጣቷ ነካች፣ ጣቷንም ቀመሰችው።

«ጅብ ፈራሁ አይልም» አለችና እናቷ ጭን ላይ ወጥታ አፏን ከፈተች።

ትርንጎ እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮ አጠቀሰች፤ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ፣ ግማሹ ልጇ አፍ ገባ። ፍርሃትም ከአሸዋው ባልዲ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ፍርሃት ትንፋሹን አሳረፈ፤ ትንፋሹ ብርጭቆውን ተወ፤ ብርጭቆው ዘይቱን አሞቀ፤ ዘይቱ ለሰሙ ቀለለለት፤ ሰሙ ክሩን አስተነፈሰ፤ ክሩ ነበልባሉን ተሸከመ፤ ነበልባሉ የትርንጎን ፊት፣ ሙሉውን፣ ከነፍርሃቱ አሳየ፤ ፍኖትም እራቷን በላች።

እኔ ተረቴን አደረስኩ፤ እናንተም የምትወዱት ሰው ፊት እየታያችሁ ብሉ።