የሰዓት ሹሙና ባልቴቷ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አትቁነጥነጪ ሐመልማል፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። የከተማው አስተዳደር የቴክኖሎጂ ኃላፊ አድርጎ ሾመሽ። አንቺም ለመታወቂያ፣ ለቤት ካርታ፣ ለልደት ምስክር ወረቀት የሚመጣ ሰው ፀሐይ ላይ እንዳይሰለፍ ብለሽ በስልክ ቀጠሮ የሚሰጥ ሥርዓት ዘረጋሽ። ሕዝቡ ግን በተቀጠረበት ሰዓት አይመጣም፤ ባልተቀጠረበት ተግተልትሎ ይመጣል። ከንቲባው ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ያረፈደ ሁሉ ቀጠሮው ተሰርዞ እንደ አዲስ ይመዝገብ ብለው ወሰኑና ደንቡን እንድታስጀምሪ አዘዙሽ። ይህን ጊዜ ድሮ አማርኛ ያስተማረሽ ሽማግሌ ትዝ አለሽ፤ መጣሽና «ጋሼ፣ ይህን ሕዝብ እንዴት አድርጌ ሰዓት ላስለምደው?» አልሽኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

አንድ ሰው ነበረ። የሚኖርበት ከተማ ገዢ ሌላ አገር ሄዶ የግንብ ሰዓት አየና ቀናበት። «ችሎቱም ገበያውም በሰዓቱ ይከፈት» ብሎ ከባሕር ማዶ አንድ ትልቅ ሰዓት አስመጣ፤ ግንብ አስገነባለት፤ ይህን ሰው የሰዓት ሹም አድርጎ ሾመው።

ሰዓቱ ሲያዩት ያምር ነበር። ፊቱ ነሐስ ነው፤ ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። የሸጠው ነጋዴ ሊሄድ ሲል የሰዓቱን ሆድ ዘግቶ በሰም አተመውና «ይህን ሰም የነካ ካለ፣ ሰዓቱ ቢበላሽ እኔ የለሁበትም» ብሎ አስጠነቀቀ። ገዢውም ሰዓቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ወደደው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከግንቡ ሥር እየወሰደ ያሳያል።

ችግሩ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ባሕር ማዶ እንደተማረው ከእኩለ ሌሊት መሆኑ ነው። የከተማው ሰው ደግሞ እንደ አባቶቹ ከፀሐይ መውጫ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ጠዋት ለሰዉ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰዓቱ ዘጠኝ ይደውላል። ቀትር ላይ ለሰዉ ስድስት ሲሆን ሰዓቱ አሥራ ሁለት ይደውላል። አንድ ገበሬ ገበያ መሐል በሬ ሊሸጥ ቆሞ አሥራ ሁለቱን ደወል ቆጠረና «ወይ ጉዴ፣ መሸብኝ!» ብሎ ፀሐይ አናቱ ላይ ሳለች በሬውን ነድቶ አገሩ ገባ። አትሣቂ። ሰውዬው ብር ፈልጎ ነበር የመጣው፤ በሬውም ሳይሸጥ ቀረ።

የሰዓት ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሥራውን የሚወድ፣ የግንቡን ደረጃ በየጠዋቱ በገዛ እጁ የሚጠርግ ሰው ነበር። ሕዝቡ በሰዓቱ አልመራ ሲለው አዘነ እንጂ አልተናደደም። ምን? «ሥልጠና እኮ ሰጥተናል» ልትዪኝ ነው? እሱም ሰጥቷል። ሰዉን ዋርካ ሥር ሰበሰበና «ከቀትር በፊት ከምትሰሙት ደወል ላይ ስድስት ቀንሱ፤ ከቀትር በኋላ በምትሰሙት ላይ ስድስት ጨምሩ» ብሎ አስተማረ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ፤ አጨበጨበለት፤ መረቀውና ወደ ቤቱ ሄደ። ሹሙም ለገዢው «ሕዝቡ ሠልጥኗል» ብሎ አመለከተ። አንቺም እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፈሽ ሳታውቂ አትቀሪም፤ ፊትሽ ቀላ።

ከሥልጠናው በኋላም ሰዉ ያው ነው። አዋጅ ተነገረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የገዢው ትዕግሥት አለቀና «ይህ ሕዝብ ሰዓት አያከብርም፤ ከእንግዲህ የግንቡ ሰዓት ሲደውል ችሎት ፊት ያልቆመ ሙግቱ ይዘጋ» ብሎ አዘዘ። የሰዓት ሹሙ ልቡ ቅር እያለው ትእዛዙን ግንቡ ላይ ለጠፈ። ወዲያው ከግንቡ ሥር ሰዓት ተርጓሚ ነን የሚሉ ሰዎች በቀሉ። «ቀጠሮህ በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት እንደሆነ እንነግርሃለን፤ እንቁላል አምጣ» ይላሉ። ዶሮ ያለው ሰው ሰዓቱን አወቀ። የሌለው እንደ ልማዱ ፀሐይዋን አየ።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት ባልቴት ትኖር ነበር። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም፣ ሀብታም ሰው ነው፣ የመሬቷን ድንበር ገፋ። ገፋ፣ ገፋና ደጃፏ ላይ ደረሰ። ከዚያች ቁራሽ መሬት ሌላ የምትበላበት የላትም። ከሰሰችው። ዳኛውም ግንቡን ቀና ብሎ አየና «በዘጠኝ ሰዓት ቅረቡ» ብሎ ቀጠራቸው። የባሏ ወንድም ሰዓት ተርጓሚዎቹን ያውቃቸዋል። በቀጠሮው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሦስት ሰዓት ስትል፣ ግንቡ ዘጠኝ ሲደውል ከችሎቱ ፊት ተገትሮ ተገኘ። ባልቴቷ የለችም። ዳኛው ስሟን አስጠራ፤ አቤት የሚል ጠፋ። ሙግቱም ተዘጋ።

ከቀትር በኋላ የሰዓት ሹሙ ከግንቡ ሲወርድ አንዲት አሮጊት ደረጃው ሥር ተቀምጣ እግሯን ስታሽ አገኘ። ምስክሮቿ አጠገቧ ቆመዋል።

«ምን እየጠበቁ ነው እናቴ?» አላት።

«ችሎት አለብኝ ልጄ። በዘጠኝ ሰዓት ነው የተቀጠርኩት። ምን ቢሆን እንዳይረፍድብኝ ብዬ ማልጄ ተነሣሁ፤ ይኸው ቀድሜ ደረስኩ» አለችና ፈገግ አለች። «ሰዓቱን የምትጠብቀው አንተ ነህ አሉኝ። ዕድሜ ይስጥህ። ድሮ እኮ ድሃ ሰዓቱ ሳይነገረው ነበር የሚፈረድበት።»

ሹሙ ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ። ሁለት ተኩል ይላል። ፀሐይዋን አየ። ስምንት ተኩል ነው። ያ ስድስት ቀንሱ፣ ስድስት ጨምሩ ሲል የከረመው ትምህርት ሁሉ እዚያው ደረጃው ላይ አሳፈረው። ቁጭ ብላ የመረቀችው ሴት አላረፈደችም። ከሷ በፊት ሙግታቸው የተዘጋባቸውም አላረፈዱም ነበር።

ወደ ዳኛው ሮጠ። «ጌታዬ፣ ሴትዮዋ ውጭ ናት፤ አላረፈደችም፤ እባክዎ ቃሏን ይስሙላት» አለ።

ዳኛው አዘነ፤ ግን ዳኛ ነው። «ግንቡ ዘጠኝ ሲደውል አልነበረችም። ትእዛዙን የለጠፍከው አንተው ነህ። ሰዓቱ ስሕተት ነው የምትል ከሆነ ሄደህ ለገዢው ንገረው። እኔ በገዢው ሰዓት ላይ አልፈርድም» አለው።

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይባላል። የገዢን ሰዓትስ ማን ይከሳል? ያውም ሕዝቡ ሠልጥኗል ብሎ ያመለከተው ይኸው ሰው ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት ተረት ለሱ አልሆነለትም፤ እሱ ከተናገረ ነው ያለችውም ሹመት የምትቀረው። ቤቱ ደግሞ ልጆች አሉት። ፈራ። ምን ይደረጋል፣ ሰው ነው።

ከችሎቱ ሲወጣ ባልቴቷ ተነሥታ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ምስክሮቿን «ቃላችሁ እንዳይጠፋችሁ» ትላለች። ሙግትሽ ተዘግቷል ሊላት ሁለት እርምጃ ወደሷ ሄደና ቆመ። ዞሮ ደረጃውን ወጣ። ሰሙን በጥፍሩ ፈልቅቆ አነሣው። የሰዓቱን ሆድ ከፈተ፤ ዘንጉን ያዘና አዞረው፣ አዞረው፣ ሦስት ሊል የነበረውን ሰዓት ዘጠኝ ላይ አደረሰው።

ሰዓቱ ደወለ። ሰዉ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ሰዓቱ ከተተከለ ጀምሮ ደወሉና ፀሐይዋ ሲስማሙ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ባልቴቷም «ይኸው ሰዓቴ ደረሰ» አለችና ወደ ችሎቱ ገባች።

ዳኛው ደወሉን ሰምቷል። በዘጠኝ ቅረቡ ብሎ የቀጠረው እሱ ነው፤ ግንቡ ዘጠኝ ብሏል፤ ሴትዮዋም ቆማለች። ጥሩ ሰው ሰበብ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። «የባሏን ወንድም ጥሩልኝ» አለ። መሬቷን ታስመልስ አታስመልስ የዚያ ዳኛ ጉዳይ ነው፤ እኔ አልጨምርበትም። ቃሏ ግን ተሰማ።

ገዢው ወሬውን እንደሰማ የሰዓት ሹሙን አስጠራው።

«ሰሙን ማን ነው ያነሣው?» ብሎ ጮኸበት።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ነጋዴው ያለውን አልሰማህም? ሰዓቴ ምን በደለህ?»

«ጌታዬ፣ ቅጣቱን እቀበላለሁ። ግን አስቀድመው አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ይንገሩኝ» አለ ሹሙ።

ገዢው ቁጣው ሳይበርድለት ወደ መስኮቱ ዞረና ፀሐይዋን አይቶ «አሥር ሰዓት አልፏል! ታዲያ ይሄ ምን ያገናኘዋል?» አለ። ግንቡ የሚታየው በሌላው መስኮት ነበር።

አሽከሮቹ መሬት መሬቱን አዩ። ገዢውም ምን እንዳደረገ ገባውና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ለካስ ያን ሰዓት ለእንግዳ ከማሳየት በቀር ሰዓት ሊያውቅበት አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። መጀመሪያ ጢሙን አሻሸ፤ ሣቁን ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። ሲበቃው እንባውን ጠረገና «ትእዛዙን ከግንቡ ላይ አንሣው፤ ሰዓቱም እንዳስተካከልከው ይሂድ። ሹመትህን አልነጥቅህም፤ ሰሙን ያነሣኸው ግን አንተ ነህ፤ ከእንግዲህ ሰዓቱ በቆመ ቁጥር የምጠይቀው አንተን ነው» አለው።

ይህም ቀላል አልነበረም። ነጋዴው እንዳለውም የለሁበትም አለ። ሹሙ እስኪያረጅ ድረስ ሰዓቱ ሲቆም ግንቡን እየወጣ፣ እየፈታና እየገጠመ፣ ልብሱ በቅባት እየተበላሸ ኖረ። ሚስቱ ስታጥብ ሰዓቱን ከነነጋዴው ትራገም ነበር አሉ። ሰዓት ተርጓሚዎቹ ግን እንቁላል የሚያመጣላቸው አጡና ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

እንግዲህ ሐመልማል፣ የሰዓት ሹሙ አንቺ ነሽ። ግንቡ ያ ሥርዓትሽ ነው። ሰሙ ደግሞ የሸጠላችሁ ድርጅት አትንኩት ብሎ ያስፈረማችሁ ውል ነው። ገዢው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ግድግዳም ጆሮ አለው። ባልቴቷን ግን በየቀኑ በመስኮታችሁ ፊት ታያታለሽ።

ያንቺ የስድስት ሰዓት ልዩነት የት እንደተደበቀ እኔ አላውቅም። ምናልባት ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ ይሆናል። ምናልባት መልእክቱ እናቲቱ በማታነበው ቋንቋ ይላክ ይሆናል። ወይ ደግሞ እሷ ስልክ የላትም፤ መልእክቱ የሚደርሰው ሌላ ከተማ ላለ ልጇ ነው፤ እሱም ሲያስታውስ ይነግራታል፣ ሲረሳ ይቀራል። በበራችሁ ላይ «ቀጠሮ እናስይዝላችሁ» እያሉ ሰው የሚጎትቱ ደላሎች መብዛታቸውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። እነሱ በቦዘኔነት ብቻ አልመጡም፤ ያልገባው ሰው ስለበዛ ነው የመጡት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቅጣቱ ትክክል መስሎሽ ቢሆን ኖሮ አስጀምረሽው ታርፊ ነበር፤ ይህን ሁሉ መንገድ እኔ ዘንድ አትመጪም። ልብሽ እምቢ ብሎሽ ነው። ያን ልብሽን ስድስተኛ ክፍል ከነበርሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ከንቲባው ከተቆጡ ሽማግሌው ነው ያለኝ በያቸው፤ ጡረተኛ ከሥራ አይባረርም። ግን አልዋሽሽም፣ ሰሙን ያነሣሽ ቀን ቅባቱም ያንቺ ነው የሚሆነው።

ሰኞ ጠዋት ደንቡን ከማስጀመርሽ በፊት ወንበርሽን አውጥተሽ በሩ ላይ ተቀመጪ። አርፍደው የመጡ እናት ስታዪ «ለምን አረፈዱ?» አትበያቸው። «መቼ ይምጡ አሉዎት?» በያቸው።